የሁለተኛዋ ዝይ ክንፍ

ዮኮሃማ፤ ዘመነ ሜጂ በገባ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ዘጠነኛው ወር ሲያልቅ

ይድረስ ለእትዬ ኑይ፤ ካናዛዋ።

እንደምን ሰንብተሻል እትዬ? ለጠየቅሽኝ ሁሉ በየተራ እመልሳለሁ። አዎ፣ እየበላሁ ነው። አይ፣ አልጠጣም፤ ብጠጣም ለብርድ ነው። አዎ፣ የሰፋሽልኝን የጥጥ ልብስ እለብሰዋለሁ። አልተደባደብኩም፤ ማለት እኔን የመታኝ የለም። ደብዳቤውን ማን ጻፈልህ ላልሽው ደግሞ ራሴ ነኝ፣ ዶሮ የጫረው ቢመስልም። የቤተ መቅደሱ መነኩሴ አንቺን ፊደል ሲያስቆጥሩ እኔ በኋላ በር ሾልኬ ወንዝ ውስጥ ነበርኩ። ዛሬ ያው ሁለታችንም እንጽፋለን፤ ታዲያ ምን በለጥሽኝ?

እዚህ አቶ ታኩቦ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነሐስ ላይ ብር በመክተት የሚስተካከለኝ የለም። እየፎከርኩ አይደለም፣ ጠይቂ። የቶኪዮ ልጆች ብሩ የሚገባበትን ቦይ ዝም ብለው ቀጥ አድርገው ይቆፍሩና ብሩን በሙጫ ያጣብቁታል። «እናንተ የካናዛዋ ሰዎች ቀንድ አውጣ ናችሁ» ይሉኛል። አንድ ቀን የአንዱን ሥራ አንስቼ ከሰል ላይ አሞቅኩለት። የብር ዓሣው ተላጠና ዱብ አለ። «ዓሣህ ሄደ፣ ተከተለው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ቀንድ አውጣ ያለኝ የለም። አባባ ቦዩን ከአፉ አጥብበው ከሥሩ ያሰፉት ነበር፤ ብሩ አንዴ ተቀጥቅጦ ከገባ በኋላ ማን ያወጣዋል? እሳቸው የሠሩት እርካብ ስንት ወንዝ ሲሻገር ኖሮ አንዲት ክር እንኳ አልጣለም። አሁን ባለ ሰይፍ የለ፣ ባለ ፈረስ የለ፤ የአበባ ማስቀመጫ እየሠራን ለፈረንጅ እንሸጣለን። ይሁና።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። አባባ አምና ሠርተው የላኩት ማስቀመጫ፣ ዝይዋ ሸምበቆው ላይ ስታርፍ ያለበት፣ እዚህ መጋዘን ውስጥ መደርደሪያ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እያየሁት እገባለሁ። ፈረንጁ ግን የሚገዛው ጥንድ ከሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ዝይዋ ስትነሳ ያለበት፣ ዓመቱ ሳያልቅ ከሚነሳው መርከብ በፊት ካልደረሰ አቶ ታኩቦ የመጀመሪያውን መብራት ሊያደርጉት ነው። ታቹን በስተው፣ ዘንግ አስገብተው፣ አናቱ ላይ የዘይት መብራት ይተክሉበታል። የሌላ ሰው ሥራ ሲበሱ አይቻለሁ። ታቹ ላይ የተቀረጸው የሠሪው ስም እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ ሆኖ ወለሉ ላይ ወደቀ። በእግራቸው ገፉት። እኔ አንስቼ እጅጌዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ ለአባባ ንገሪልኝ፣ ሁለተኛው ቶሎ ይምጣ። ብሩን መክተት ከቀረ እኔ እከተዋለሁ። ዋጋዬ ግን የእኔም ስም ታቹ ላይ መግባቱ ነው፤ «ቶሜጎሮ ጨረሰው» ተብሎ። እዚህ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሁሉ ስሜ ባሕር ሊሻገር ነው ብዬ አውርቻለሁ፤ አሁን ማፈር አልችልም።

አባባ ተቆጥተዋል ወይ ብዬ አልጠይቅም። ከቤት ስወጣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መዶሻቸውን ይመቱ ነበር። እሱ መልስ ነው።

ወንድምሽ ቶሜጎሮ

ካናዛዋ፤ አሥረኛው ወር እኩሌታ

ይድረስ ለወንድሜ ለቶሜ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለአባባ ከዳር እስከ ዳር አንብቤላቸዋለሁ፤ መጠጥ ቤቱን ግን ዘልዬዋለሁ። ስለዘገየሁብህ ይቅርታህን።

ሁለተኛውን ማስቀመጫ በጭነኛው በጎንጂ በኩል ልኬልሃለሁ። በሦስት ብርድ ልብስ ነው የጠቀለልኩት፤ ስትፈታው ብርድ ልብሶቹን እንዳትሸጣቸው። ቦዮቹ ተቆፍረው አልቀዋል ማለት ይቻላል፣ ብሩና ጥቁሩ መዳብ በየፈርጁ ታስሮ አብሮ አለ። ከታች ያሉት ትንንሾቹ ሸምበቆዎች ብቻ ቀርተዋል፤ ጎንጂ ተራራውን በረዶ ሳይዘጋብኝ ልሂድ ብሎ አጣደፈኝ። እነሱን አንተ ቅረጻቸው።

ስለ አባባ ጤና ባትጠይቀኝም፣ እጃቸውን ትንሽ ቀዝቅዟቸዋል። ለዚህ ነው ብሩን ራሳቸው ያልከተቱት። ምግብ ይወስዳሉ፤ የሩዝ አጥሚቱን ሳቀጥነው ይሻላቸዋል። ተቆጥተዋል ወይ ብዬ አልጠይቅም ብለሃል። ምንም ክፉ አላሉም።

ይህን አትርሳ፦ ነሐሱን ቀለሙን በሚያወጣው አረንጓዴ መድኃኒት ውስጥ ከመቀቀልህ በፊት በተፈቀፈቀ ነጭ የራዲሽ ሥር እሸው፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅህ አትንካው። የጣትህ ወዝ ነሐሱ ላይ ጠቁሮ ይቀራል፣ በምንም አይለቅም። አንተ ደግሞ ነገር መነካካት ትወዳለህ።

የስሙን ነገር፣ ታቹን እስክጽፍልህ ባዶ ተወው። ይህን አደራ እልሃለሁ።

እህትህ ኑይ

ዮኮሃማ፤ አሥራ አንደኛው ወር፣ የወናፍ በዓል ባለፈ በማግስቱ

ይድረስ ለእትዬ ኑይ።

ደረሰ! ደህና ነው፣ አልተጫረም። ብርድ ልብሶቹን አልሸጥኳቸውም፤ አንዱን እኔ ለብሼዋለሁ፣ ሁለቱ አሉ።

ትናንት ለእኛ ለአንጥረኞቹ በዓል፣ ለወናፍ በዓል፣ እሳት አልነደደም፣ መንደሪን ሲበተን ዋለ። ስድስት ያዝኩ፤ የቶኪዮ ልጆች አንድም አልያዙም፣ እጃቸው ሙጫ ብቻ ነው የሚይዘው። እንደ ሌላ ጊዜ መጠጥ ቤት አልሄድኩም። የአባባን ሥራ ጭኔ ላይ አድርጌ ስዳስሰው ዋልኩ።

እትዬ፣ አንቺ ይህን ነገር አታውቂውምና ላስረዳሽ። እኔ የአባባን እጅ ዓይኔን ብታስሪኝ አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። እና እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን የመሰለ ሠርተው አያውቁም። የመጀመሪያው ላይ ያለችው ዝይ ጥሩ ናት፤ ይህቺኛዋ ግን ልትሄድ ነው። የክንፏ ትልልቅ ላባዎች መጨረሻቸው ላይ ቦዩ እየቀጠነ ይሄድና አየሩ ውስጥ እንደ መጥፋት ይላል፤ ሥሩን በመርፌ ብትፈትሺው ግን እስከ ጫፉ ድረስ ሰፍቷል። እንዲህ ያለ ቀጭን ቦታ ላይ ሥሩን ማስፋት! እኔ ራሴ ብሞክረው... እሺ፣ እችላለሁ፤ ግን ጊዜ ይወስድብኛል።

አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነበር። መሮው የገፋው ጠርዝ ሁሌ በአባባ ሥራ ወደ አንድ ወገን ነው የሚያዘነብለው፤ እዚህ ግን ወደ ሌላው ነው። የቶኪዮ ልጆች «ሌላ ሰው ነው የሠራው» አሉ። ሳቅኩባቸው። ሽማግሌው ማስቀመጫውን በአፉ ደፍተው ነዋ የቀረጹት! ክንፉ ወደ ላይ የሚነሳ ስለሆነ ከታች ወደ ላይ መግፋት ፈልገው ነው። በዚህ ዕድሜያቸው አዲስ ዘዴ ፈጠሩ። እኔ ባልነግራቸው ማን ይገባቸው ነበር? ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ።

ይህን የጻፍኩትን ስለ ክንፉ ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ፊት ለፊት ቢሆን አልለውም ነበር።

አንቺ ደግሞ እጃቸው ቀዝቅዟል ብለሽ ምድጃው አጠገብ እንዳትቀመጪ። ሴት መቅረጫው ግንድ ፊት ስትቀመጥ የእሳቱ አምላክ እንደማይወድ እማዬ ስንቴ ነግራሻለች። ራዲሹን ፈቅፍቂ፣ ከሰሉን አቀብይ፣ ይበቃሻል።

ስሙን ምን ልቅረጽ? አቶ ታኩቦ በየቀኑ ይጠይቁኛል። በአባባ ስም ሥር የኔን የማስገባት ነገርስ? እንቢ ካሉ በትንሹ።

ቶሜጎሮ

ካናዛዋ፤ አሥራ አንደኛው ወር እኩሌታ

ይድረስ ለቶሜ።

ስለ ክንፉ የጻፍከውን አነበብኩላቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ደግመሽ አንብቢ አሉኝ፤ ደገምኩ።

ሌላ የምጽፈው ብዙ ነገር ነበረኝ፣ ግን ጎረቤት እየገባ እየወጣ ነው። ብሩን እየከተትክ ከሆነ እጅህ አይቸኩል። ክንፉ ጋ ስትደርስ በቀላል መዶሻ ምታው፤ እዚያ ጋ ነሐሱ ስስ ነው።

ለስሙ ትንሽ ታገሠኝ።

ኑይ

ዮኮሃማ፤ አሥራ አንደኛው ወር ሲያልቅ

እትዬ።

ብሩ ገብቶ አልቋል። ጥቁሩም ገብቷል። እጄ አልቸኮለም።

የቀሩት ትንንሾቹ ሸምበቆዎች ነበሩ። ዛሬ ጠዋት እነሱን ልቀርጽ ተቀመጥኩ። ጠርዛቸው ከላይኞቹ ጋር እንዲመሳሰል ማስቀመጫውን ደፋሁት፤ አባባ አደረጉት ያልኩትን ማለቴ ነው። አልሆነም። አዞርኩት፣ አጋደምኩት፣ እኔ ራሴ ተዟዟርኩ። አልሆነም። የቶኪዮ ልጆች ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ነበር። አንዱ «ለምን በአናትህ አትቆምም» አለኝ።

ከዚያ ዝም ብዬ፣ ለቀልድ፣ መሮውን ወደ ቀኝ እጄ፣ መዶሻውን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። አንድ ጊዜ መታሁ።

ገጠመ።

ማን ነው በግራው የሚመታ? እማዬ የማንን ግራ እጅጌ በገመድ ታስር ነበር፣ ሩዝ በቀኟ እንድትበላ? እኔ ደግሞ ሳልለመን እፈታላት የነበረው የማንን ነው? ራዲሹን ፈቅፍቂ ይበቃሻል ብዬሻለሁ። ዝም ብለሽ አነበብሽው። አየሩ ውስጥ ይጠፋል፣ ምናምን ብዬ ስቀባጥር አነበብሽው። ዓይኔን ቢያስሩኝ አውቃለሁ ያልኩትንም።

ልሳደብ ነበር የተቀመጥኩት። ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ሳትዞሪ ንገሪኝ። «እጃቸውን ትንሽ ቀዝቅዟቸዋል» ያልሽው ምን ማለት ነው? ጎረቤት እየገባ የሚወጣውስ ለምንድን ነው? አባባ አሉ?

ቶሜ

ካናዛዋ፤ አሥራ ሁለተኛው ወር በገባ በሳምንቱ

ወንድሜ ቶሜ።

የሉም። የመጀመሪያው በረዶ በወደቀ ማግስት ነው ያረፉት፤ የመጨረሻውን ደብዳቤ ከላክሁልህ በኋላ። ሣጥናቸውን የአጎታችን ልጆች ተሸከሙት። አንተ መሆን ነበረብህ። ያልጻፍኩልህ ብሩን እየከተትክ ስለነበር ነው። እጅህ ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈራሁ። ከፈለግህ ተቆጣኝ።

ሳልዞር ንገሪኝ ብለሃል፣ እነግርሃለሁ።

በበጋ፣ አንተ በሄድክ ሰሞን፣ ግንዱ ፊት እንደተቀመጡ ወደ ጎን አዘነበሉ። ቀኝ እጃቸው ሞተ፣ አፋቸውም አብሮ ተያዘ። ሁለተኛው ማስቀመጫ ያኔ ለስላሳ ነሐስ ነበር፣ አንዲት መስመር አልነበረበትም። ለማን እንነግራለን? አቶ ታኩቦ ቢሰሙ በዚያው ቀን የመጀመሪያውን መብሳታቸው ነው። የአንተ ደብዳቤ ደግሞ መጣ፣ መብራት ያደርጉታል የሚለው። እሱን ሳነብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ምን ስሠራ ነበር? ማስቀመጫውን ጭኔ ላይ ደግፌ እይዝላቸው ነበር፣ እሳቸው ይቀርጻሉ። እያንዳንዱ ምት በአጥንቴ በኩል ነው ያለፈው። መሮውን እኔ እስል ነበር፣ ብሩን እኔ እሳት ላይ አለሰልስ ነበር። ከደብዳቤህ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ገና በበጋው፣ አንድ ጠዋት ግንዱን ወደ ፍራሻቸው ጎተትኩትና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መዶሻውን በቀኜ ያዝኩ። ግራ እጃቸው ተነስቶ እጅጌዬን ጎተተ፤ የግራውን፣ እማዬ ታስረው የነበረውን። አዛወርኩት።

ከዚያ በኋላ ጣታቸው ነበር መምህሬ። ቦዩ ሥሩ ሳይሰፋ ሲቀር ምቱ ይለወጣል፤ እኔ ሳልሰማው እሳቸው ይሰሙታል። ጣታቸው ምንጣፉን ሲነካ አቆማለሁ፣ ተመልሼ አስተካክላለሁ። ክንፉ ጋ ስንደርስ ጣታቸው ምንጣፉን አልነካም። ተኝተዋል ብዬ ቀና አልኩ። ዓይናቸው ክፍት ነበር።

የእሳቱን አምላክ ነገር እኔም ፈርቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጨውና ሩዝ አስቀምጥለት ነበር። ምንም አላለኝም።

ሳቁ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ መሳቅ አይችሉም ነበር። ደግመሽ አንብቢ ያሉኝም በአፋቸው አይደለም፣ ወረቀቱን በጣታቸው ነክተው ነው። እንባው ግን እውነት ነው። ያንን ቦታ፣ ፊት ለፊት ቢሆን አልለውም ነበር ያልከውን፣ ሦስተኛ ጊዜም አስነበቡኝ። ክንፉን ከእኔ አትውሰድብኝ እንጂ፣ እንባው ያንተ ነው እልሃለሁ።

አሁን ስለ ስሙ። የአባባን ስም ቅረጽ። «ሶቤይ» ብለህ፣ እንደ መጀመሪያው አድርገህ። ጥንዱ አብሮ እንዲሄድ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ማንም ጠይቆ ቢጎተጉትህ አፍህን ያዝ፤ አንተ አፍህ አያርፍምና አደራ። ግንዱን ጥግ አስጠግቼ ጨርቅ አልብሼዋለሁ። አጎታችን ለአንጥረኞቹ እንስጠው ብሏል፣ እሺ ልለው ነው። እንዳትመጣ፤ ቀብሩ አልፏል፣ መርከቡ ግን አላለፈም።

እህትህ

ዮኮሃማ፤ አሥራ ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል

ይድረስ ለእትዬ ኑይ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ራዲሹን እየፈቀፈቅኩ ነበር። አነበብኩት። ከዚያ ፍቅፈቃዬን ቀጠልኩ። የቶኪዮው ልጅ «ራዲሽ እንዲህ ያስለቅሳል እንዴ፣ ሽንኩርት መስሎኝ» አለኝ። አልመታሁትም። አባቴ ሞተ አልኩት። መፈቅፈቂያውን ተቀብሎኝ እሱ ጨረሰው፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

ነሐሱን በደንብ አሸሁት። በባዶ እጄ አልነካሁትም፤ በሽቦ አንጠልጥዬ ነው የከተትኩት። ሲወጣ ነሐሱ እንደ ደረቀ ደም ቡናማ ሆኗል፣ ብሩ ነጭ፣ የአንገቷ መዳብ እንደ ቁራ ጥቁር። ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አቆምኳቸው። አንዷ ስታርፍ አንዷ ስትነሳ። አባባ ይህን አላዩትም። ለእሳቸው ስል ብዙ ቆሜ አየሁት።

አሁን አትቆጪ። አደራሽን በልቻለሁ።

አቶ ታኩቦ መጡ፤ ስሙን ለማየት ገለበጡት። የሚበሳው ሰውዬ መብሻውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ካልሆነ በዚያው ሊጀምር ነው።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ።

«ኑይ።»

«ኑይ ማን ነው?»

«ኑይ ናት። የሶቤይ ልጅ። እህቴ።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ለፈረንጁ ሁለቱም የሶቤይ ናቸው ብያለሁ።»

«ፈረንጁ ፊደላችንን ያነባል እንዴ ጌታዬ?»

ማንም አልሳቀም። እኔም እንዳልናገር ምላሴን ነከስኩት፤ ይህን ስትሰሚ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ማስቀመጫውን ቀና አደረጉና ክንፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ በጥፍራቸው ጫፍ ጫፉን ሞከሩት። ከእነዚያ ላባዎች አንዷ ብትነሳላቸው መብሻው ሥራውን ይጀምር ነበር። አልተነሳችም። ሌላ ላባ ሞከሩ። ሸምበቆዎቼንም ሞከሩ።

ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ሰውዬ «አንተ ሂድ» አሉት። ለእኔ ደግሞ «በአንድ ሣጥን አሽጋቸው» አሉኝ። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው «ስምህ ባሕር ሊሻገር ነው እያልክ ከተማውን ስታውክ ከርመህ የታል ያንተ ስም?» አሉ።

«ቦታ አልበቃም» አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት መርከቡ ሄደ። ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ሁለቱን ብርድ ልብሶችሽን አድርጌአለሁ፣ ስለዚህ አትጠብቂያቸው። ያቺን ክብ፣ እጅጌዬ ውስጥ የነበረችውን የማላውቀው ሰው ስም፣ ባሕር ዳር ወስጄ ድንጋይ ሥር ቀብሬአታለሁ። ለአባባም ዕጣን ያጨስኩት እዚያው ነው፤ መቃብራቸው ጋ እስክደርስ።

ተራራው ላይ በረዶው መንገድ ሲለቅ እመጣለሁ። ግንዱን ለማንም እንዳትሰጪ። አጎቴ ከመጣ ቶሜ ይመታሃል በይው። ጨርቁን አንሽለትና ፊቱ ተቀመጪ። አንቺ ትቀርጫለሽ፣ ብሩን እኔ እከታለሁ፤ ራዲሹን እኔ እፈቀፍቃለሁ፣ ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ስምሽን የቀረጽኩት መዶሻውን በግራ ይዤ ነው፣ የቀረውን እንዲመስል። እና ትንሽ ተንጋዷል። አንቺ ብትሆኚ ቀጥ ይል ነበር።

ታናሽሽ ቶሜጎሮ